የውዴ እንቁላልና የከዲጃ ፈረንሳይኛ

በ1952 ዓ.ም. የነቢያት ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ውዴ ሠላሳ እንቁላል በጭድ አልብሳ፣ በቅርጫት ይዛ ወደ ፈረንጆቹ ድንኳን ወጣች።

ጾም ሲገባ የእንጅባራ ገበያ ለእንቁላል ፊቱን ያዞራል። ክርስቲያኑ እስከ ገና አይቀምሰውም፤ እስላሞቹ ነጋዴዎች ደግሞ ጥቂት ናቸውና የቀረበላቸውን ሁሉ ገዝተው አይዘልቁትም። ዶሮ ግን ጾም አታውቅም። የውዴ ዘጠኝ ዶሮዎች በጥቅምት እንደ ጣሉት በኅዳርም ይጥላሉ። ስለዚህ ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ ድንኳን ተክለው የውሃውን ጥልቀት በገመድ የሚለኩ ሰዎች መጥተዋል፣ ፈረንሳዮች ናቸው፣ ጾምም የላቸውም ሲባል በሰማች ጊዜ ውላ አላደረችም። ከቤቷ ከጥርባ እስከ ድንኳኑ ግማሽ ሰዓት ቢያስኬድ ነው።

ድንኳኑ ዘንድ ስትደርስ የተቀበላት ስማቸው የሚባል ሰው ነበር። ከአዲስ አበባ አብሯቸው የመጣ ነው፤ ወጥ ይሠራላቸዋል፣ ያስተረጉምላቸዋል፣ ገበያም ይወጣላቸዋል። ነጭ ሽርጥ አገልድሞ ከደጅ ቆሞ ነበር።

«ምን ፈለግሽ?» አላት።

«እንቁላል ይዤ ነው። የዚህ ሳምንት ነው፤ የቆየ የለበትም።»

እሱ መልስ ሳይሰጣት ከወዲያኛው ድንኳን አንዲት ረጅም፣ ሽበት የወረሳት ፈረንጅ ሴት ወጣች። ቅርጫቱን ስታይ ፊቷ ፈካ። ጎንበስ ብላ ጭዱን በጣቷ ገለጥ አደረገች፤ አንዱን እንቁላል አንስታ ወደ ፀሐዩ ይዛ አየችው። ከዚያም ወደ ውዴ ዞር ብላ አንድ ነገር አለች። ጥያቄ መሆኑን ከድምፅዋ መለየት ይቻል ነበር። ስማቸው ቀድሟት በዚያው በእነሱ ቋንቋ መለሰላት። ሴትዮዋ ቅር እንዳላት ሰው ከንፈሯን መጠጠች፤ እንቁላሉን ቀስ ብላ ከነበረበት አስቀመጠችው፤ ጭዱንም መልሳ አለበሰችለትና ገባች።

«ምን አለች?» አለች ውዴ።

«ንጹሕ አይደለም አለች። እኛ የምንፈልገው ሁሉ እንጅባራ ከአቶ ደጉ ሱቅ ይመጣልናል። ዳግመኛ አትድከሚ።»

ውዴ ቅርጫቷን አንስታ ቁልቁል ወረደች። ግን የሰማችውን አላመነችም። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው፤ ከዐሥር ዓመቷ ጀምሮ ገበያ ቆማለች። ዕቃ የናቀ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል የሚነግራት አያስፈልጋትም። የናቀ ሰው በመጀመሪያ ነገር አያነሳውም፤ ቢያነሳም ወርውሮት ይሄዳል እንጂ ጭድ አያለብስለትም። ያቺ ሴት እንቁላሉን የመለሰችው የሰው አደራ እንደሚመለስ ነው።

ስለዚህ ሴትዮዋ የተናገረችውን ድምፅ እንዳይጠፋባት በአፏ ይዛው ወረደች። «ሴ ኮምቢያን፣ ሌዘ?» ወንዙን ስትሻገር አለችው፤ ቤቷ ገብታ ቅርጫቱን ስታስቀምጥም አለችው። ባሏ ደርበው ከቀንበሩ ላይ ቀና ብሎ፣ «ምን እየደገምሽ ነው? ድግምት ጀመርሽ እንዴ?» አላት።

«ዳንግላ እሄዳለሁ» አለችው።

«ለምን?»

«ያቺ ፈረንጅ የተናገረችውን የሚፈታልኝ ሰው እዚያ አለ።»

ደርበው ሚስቱን ያውቃታል። አንድ ነገር ልቧ ከገባ ክርክር ጊዜ ማጥፋት መሆኑን በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳር ተምሯል። «እንግዲያው እንቁላሉን ይዘሽ ሂጂ፤ እዚያ እስላሙ ይበዛል» ብሎ ወደ ቀንበሩ ተመለሰ።

በማግስቱ ውዴ በጭነት መኪና ተሳፍራ ዳንግላ ገባች። አክስቷ ቤት ዕቃዋን አስቀምጣ በቀጥታ የሄደችው ወደ ዑስማን ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነው። ዑስማን ድሮ በወጣትነቱ እስከ ድሬዳዋ ወርዶ ይነግድ ነበር፤ ሚስቱን ከዲጃንም ያመጣት ከዚያ ነው። ከዲጃ አሁን አርባን አልፋለች። ውዴ በየዓመቱ ለፋሲካ ልብስ ስትገዛ ታውቃታለች፤ የባቡር አገር ልጅ እንደሆነች፣ የፈረንሳዮች ቤትም እንደሠራች ከራሷ አፍ ሰምታለች።

ከዲጃ አቡጀዲ እየቀደደች ነበር። ውዴ ሰላምታ ሰጥታ ጎንበስ አለችና፣ ሌላ ነገር እንዳይቀላቀልባት ፈጥና፣ «ሴ ኮምቢያን፣ ሌዘ?» አለች።

ከዲጃ መቀሱን አስቀመጠች። «እስቲ ድገሚው።»

ውዴ ደገመችው።

«ይህንን ከማን ሰማሽው?»

«ከአንዲት ፈረንጅ። ‹ንጹሕ አይደለም› ማለቷ ነው አሉኝ።»

«ማነው ያለሽ? ‹እንቁላሉ ስንት ነው?› ማለቷ ነው እንጂ።»

ውዴ ተበሳጭታ ትጮሃለች ብላ ከዲጃ ጠብቃ ነበር። ውዴ ግን ነጠላዋን አስተካክላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «ፊቷም የሚለው ይህንኑ ነበር» አለች። «እንግዲህ እትዬ ከዲጃ፣ ያስተምሩኝ።»

«ምኑን? ፈረንሳይኛውን? እኔ ራሴ ዘመን አለፈኝ፤ ከተናገርሁት አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል።»

«ሁሉን አላልሁም። እንቁላል የሚሸጥበትን ያህል።»

ከዲጃ ሳቀች፤ ዑስማንም ከውስጥ ሆኖ ሳቀ። ትምህርቱ የተጀመረው በዚያው ሰዓት ነው።

ውዴ አራት ቀን ዳንግላ ተቀመጠች። ጧት ገበያተኛው ሳይበዛ፣ ከሰዓት ደግሞ ፀሐዩ ሲበርድ፣ ሁለቱ ሴቶች ከጣቃው ጨርቅ ኋላ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። የመጀመሪያው ቃል ሰላምታ ነበር። «‹ቦንዡር ማዳም› ሳትይ ዋጋ የሚባል ነገር እንዳታነሺ» አለች ከዲጃ። «ሱቅ ገብቶ ሰላም ሳይል የሚጠይቅን ሰው እነሱ እንደ ባለጌ ነው የሚያዩት።»

«በእኛስ ቢሆን ባለጌ አይደል?» አለች ውዴ። «ይህስ አዲስ ትምህርት አይደለም።»

ከዚያ «ሜርሲ» መጣ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ ከዚያ «ሲል ቩ ፕሌ»፣ እባክሽ። ከዲጃ በጣም የፈራችው ግን በአፍንጫ የሚወጣውን ድምፅ ነበር። ድሬዳዋ ሳለች ስንቱ ሰው ሲሰናከልበት አይታለች። «‹ኮምቢያን› ስትይ መጨረሻውን አፍሽ ውስጥ አትጨርሽው፤ ወደ አፍንጫሽ ስደጂው። አይዞሽ፣ አንድ ቀን ሙሉ ቢፈጅም…»

ውዴ አንድ ጊዜ ሰምታ አንድ ጊዜ አለችው። እንደ ፈረንሳዮቹ ነበር የወጣው።

ከዲጃ አፏን ይዛ ቀረች። «ከየት አመጣሽው?»

«በአገውኛ ስንናገር አፍንጫችን ሥራ አይፈታም» አለች ውዴ። «አማርኛ ስጀምር ነው እሱን መተው ያስቸገረኝ።»

እንቁላሉ ግን አከራከራቸው። አንድ ሲሆን «ኧፍ» ይባላል፤ ሲበዛ መጨረሻው «ፍ» ይወድቅና «ዴዘ» ነው፣ ወይም «ሌዘ»። ውዴ ይህ ነገር አልዋጥላት አለ። «ሲበዛ እንዴት ስሙ ያጥራል? የእኔ እኮ ሠላሳ ነው።» ከዲጃም ምክንያቱን አታውቅም፤ ማንም ነግሯት አያውቅም። ሲባል የሰማችውን ነው የምታስተምረው። በመጨረሻ ውዴ «እሺ፣ እንቁላሉ የእኔ ቢሆንም ስሙ የእነሱ ነው» ብላ ተቀበለችው።

ቁጥሩን የራሷን መንገድ አበጅታ ያዘችው። አምስት «ሳንክ» ነው፤ በአገውኛም «አንኳ» ስለሚባል ዘመዱ ነው ብላ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠችው። ሰባት «ሴት» ሲሆን በአማርኛ ሰባት ሴቶች ተሰልፈው ታዩአት። ዐሥር «ዲስ» ነው፤ እሱን ጣቷን ሁሉ ዘርግታ አጠናችው።

በሁለተኛው ቀን ከዲጃ ገዢ፣ ውዴ ሻጭ ሆነው ሞከሩት። ከዲጃ ጣቷን ወደ ባዶው ቅርጫት ቀሰረችና፣ «ዠ ቩድሬ ዴዘ፣ ሲል ቩ ፕሌ» አለች፤ እንቁላል እፈልግ ነበር ማለቷ ነው። ከዚያ «ሴ ኮምቢያን?» አለች። ከዚያ «ሴ ትሮ ሼር» አለች፤ እጅግ ውድ ነው። ውዴ ሁሉን ተከትላ አለችው። ጥቂት ቆይታ ግን፣ «እትዬ ከዲጃ» አለች፣ «ይህ ሁሉ ገዢ የሚለው ነው። ሻጩስ ምን ይላል?»

ከዲጃ ጣቷን ከቅርጫቱ አነሳች። ነገሩ እውነት ነበር። እሷ የሠራችው በአንድ የባቡር ሹም ቤት ነው፤ በየጧቱ ዘንቢል ይዛ ሱቅ ለሱቅ ትዞር ነበር። አፏ የፈታው ሲገዛ ነው እንጂ ሲሸጥ አይደለም። ዓይኗን ጨፍና ያንን ጊዜ አሰበች፤ የግሪኩን ባለ ሱቅ፣ መደርደሪያውን፣ ቡናማ ወረቀቱን ሲጠቀልል። አንድ ነገር በሰጣት ቁጥር አንድ ቃል ይላት ነበር።

«‹ኤ አቬክ ሳ?›» አለች በመጨረሻ። «‹ከዚህስ ጋር? ሌላስ ምን ይጨመር?› እያለ ነበር የሚጠይቀኝ። አቤት፣ ለአንድ ነገር ገብቼ ስንት ነገር ተሸክሜ እወጣ ነበር።»

«እሱ ነው የሻጭ ቃል» አለች ውዴ። ከሁሉ አብልጣ ያጠናችው እሱን ነው።

ከዲጃ ደግሞ «ሼር»ን ስትፈታላት እንዲህ አለቻት፤ «‹ሼር› ማለት ውድ ማለት ነው። በዋጋም ሆነ በፍቅር፣ ልክ እንደ አማርኛው። ‹ማ ሼር› ካለችሽ ‹ውዴ› ማለቷ ነው።»

«ስሜ ማለት ነው?»

«ስምሽ ማለት ነው።»

ጨርቅ በክንዱ እየለካ ሲያዳምጥ የሰነበተው ዑስማን በአራተኛው ቀን አንድ ነገር ጣልቃ ገብቶ ጠየቀ። «ሁሉም ደኅና። ቋንቋቸውን ታውቃለች ብላ ሴትዮዋ በረጅሙ ብታወራትሳ? ያኔ ምን ልትል ነው?»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ይህን አላሰቡትም ነበር። ከዲጃ ጥቂት አስባ፣ «‹ዱስማን› በያት። ‹በዝግታ› ማለት ነው» አለች።

«ዱስማን» አለች ውዴ። ወደ ባለሱቁም ዞር ብላ፣ «ይህስ አይጠፋኝም፤ እርስዎን አስቤ ፊደል መለወጥ ብቻ ነው» አለችው። ዑስማን ሜትሩን ጥሎ ሳቀ።

ውዴ ጥርባ በገባች በማግስቱ ወደ ድንኳኑ ወጣች። በዚህ ጊዜ አርባ እንቁላል ነበራት፤ ሌላም አንድ ገንቦ ነጭ ማር። ሆን ብላ የመረጠችው ስማቸው ደጅ የሚቆምበትን ሰዓት ነው። እሱ በሌለበት ብትሄድ ሾልካ የገባች ይመስላል፤ ሾልኮ መግባት ደግሞ የሷ ጠባይ አይደለም።

«ነግሬሽ አልነበረም?» አላት ስማቸው ገና ከሩቅ።

ውዴ እጅ ነስታ አለፈችው። ሽበታሟ ሴት ከድንኳኑ ፊት ለፊት ከጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ ትጽፍ ነበር። ውዴ ቅርጫቱን ከእግሯ ሥር አኖረችና ቀጥ ብላ ቆማ፣ «ቦንዡር ማዳም» አለች።

ሴትዮዋ ብዕሯ እጇ ላይ እንዳለ ቀና አለች።

«ዴዘ» አለች ውዴ ወደ ቅርጫቱ እያሳየች። ወደ ገንቦውም፣ «ሚየል። ቦን ሚየል» አለች፤ ጥሩ ማር ማለቷ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ዑስማን የፈራው ነው። ሴትዮዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ ሁለት እጇን አጋጥማ፣ እንደ ክረምት ጅረት ንግግር ለቀቀችባት። ውዴ ከዚያ ሁሉ መሐል አንድም የምታውቀው ቃል አላገኘችም። ስማቸው ከኋላዋ ቀረብ ሲል ተሰማት፤ አሁን ትለምነኛለች ብሎ እንደሚጠብቅ ከአካሄዱ አወቀች። ደረቷን ሞልታ ተነፈሰችና፣ «ዱስማን፣ ማዳም። ዱስማን፣ ሲል ቩ ፕሌ» አለች።

ሴትዮዋ ድንገት ቆመች። ፈገግ አለች። ከዚያ እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ እንግዳ እያከበረቻት፣ አንዱን ቃል ከሌላው እያራራቀች፣ «ሴ — ኮምቢያን — ሌዘ?» አለች።

ያችኑ ቃል ውዴ በተናጋሪዋ አፍ ለሁለተኛ ጊዜ ሰማቻት። ዐሥር ጣቷን ዘረጋች። «ዲስ፣ ስሙኒ» አለች፤ ዐሥሩ በስሙኒ ማለቷ ነው።

ሴትዮዋ የገበያ ሰው ሳትሆን አትቀርም፤ ዓይኗ በጨዋታ ጠበብ አለና፣ «ኦ፣ ሴ ትሮ ሼር» አለች።

«ኖን ማዳም» አለች ውዴ ምንም ሳትደናገጥ። «ሌዘ ኖን ሼር።» ቀጥላም ደረቷን በመዳፏ ነክታ ስሟን ነገረቻት፤ «ሼር፣ ሴ ሙዋ።»

ውድ እንቁላሉ ሳይሆን እኔ ነኝ ማለት ሆነ። ሴትዮዋ ጠረጴዛውን ይዛ እስክትንገዳገድ ሳቀች፤ ከሌሎቹ ድንኳኖችም ሰዎች ራሳቸውን አወጡ። ለምን እንደሳቀች ውዴ ያን ጊዜ በደንብ አልገባትም፤ ስሟን ነበር የነገረቻት። ግን የንቀት ሳቅ አልነበረምና እሷም አብራት ሳቀች። ሴትዮዋም ደረቷን ነክታ «ኦዴት» አለች።

ማዳም ኦዴት አርባውንም እንቁላል ወሰደች፤ ማሩንም በጣቷ ቀምሳ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ግን ፊቷ ተለወጠ። ወደ ስማቸው ዞራ በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀችው። እሱ አንገቱን ደፋ። እንደገና ጠየቀችው። ስማቸው በአማርኛ፣ ውዴን ሳያይ፣ «እህቴ፣ እባክሽ» አለ።

ሴትዮዋ የምትጠይቀው ስለ ያን ዕለቱ መልስ መሆኑ ለውዴ ገባት። መክሰስ ብትፈልግ ጊዜው ያ ነበር። ግን በአፏ ያለው የገበያ ቃል ብቻ ነው፤ የክስ ቃል አልተማረችም። የሰውየውንም አንገት አየችው፤ ላብ ወርዶበታል። ወደ ማዳም ኦዴት ቀረብ አለችና፣ «ኤ አቬክ ሳ?» አለች።

ሴትዮዋ ከስማቸው ላይ ዓይኗን አንስታ ወደሷ ዞረች። ከዚህስ ጋር? ሌላም ብዙ ነገር ነበር የሚፈለገው። ድንች በእጇ ቅርጽ ሠርታ አሳየች፤ ዶሮ ጮኻ አሳየች፤ ሽንኩርት ዓይኗን ጠርጋ አሳየች። ውዴ እያንዳንዱን በጣቷ ቆጥራ ያዘች።

ስትወርድ ስማቸው ከሐይቁ አፋፍ መታጠፊያ ላይ ደረሰባት። ሽርጡን አውልቆ ጨብጦት ነበር።

«ያን ዕለት ምን ብለህ ነው የመለስሃት?» አለችው ቆማ።

«እንቁላሉ ለሌላ ሰው የተያዘ ነው፣ አይሸጥም ብያት ነው» አለ። «ደጉ ከሱ ሱቅ ብቻ እንድገዛ ይፈልጋል። አንዳንድ ነገር ያደርግልኛል። የልጆች አባት ነኝ።»

«እኔም የልጆች እናት ነኝ። ንጹሕ አይደለም ያልኸኝ ግን ከራስህ ነው።»

«ከራሴ ነው።»

«እሱ ነው የቆጨኝ። ሌላውስ ንግድ ነው።»

ስማቸው ቁልቁል አየ። ከታች ሐይቁ ላይ የፈረንጆቹ ትንሽ ጀልባ ቆማ ገመዷን ታወርዳለች።

«አሁን ምን ላድርግልሽ?» አለ።

«ቅዳሜ ገበያ ይዘሃቸው ውረድ። ራሳቸው ይምረጡ። አንተ አስተርጉም፤ እኛ እንሰማሃለን። እንጀራህን አልነካብህም፣ መንገዴን ልቀቅልኝ።»

«ሌሎቹ ሴቶች ፈረንሳይኛውን አይሰሙም እኮ፤ የምትሰሚ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እስከ ቅዳሜ አራት ቀን አለ» አለችው ውዴ።

በእነዚያ አራት ቀናት ውስጥ የውዴ ደጅ ጉባኤ ቤት መሰለ። ጎረቤቷ ካሳነሽ መጣች፣ ድንች የምትሸጠው ሸጋ መጣች፣ ሌሎችም ሦስት። ውዴ ከዲጃ እንዳስተማረቻት አስተማረቻቸው፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ቁጥር። ደርበው ከሞፈሩ ላይ ሆኖ ሲሰማ ሰንብቶ በሦስተኛው ቀን በሬዎቹን እስከ ዐሥር በፈረንሳይኛ ቆጠረ፤ በሬዎቹ ሁለት ነበሩ።

ቅዳሜ ማዳም ኦዴት ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር እንጅባራ ገበያ ወረደች። ስማቸው ከጎናቸው ነበር። ሰው መንገድ እየለቀቀ አሳለፋቸው። ከድንች ተራ ሲደርሱ ስድስት ሴቶች በአንድ ድምፅ «ቦንዡር ማዳም» ሲሉ ገበያው ጸጥ አለ፤ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ የነበረው ደጉም ኪሱ የከተተውን እጁን አወጣ።

ሽያጩ ደኅና ሄደ። ሸጋ «ካትር» ብላ አራት ጣት አሳየች፣ ተሸጠላት። ካሳነሽ ግን ከሁሉ ደፋር ነበረችና ማዳም ኦዴት ዶሮዋን ስታነሳ ሳትጠየቅ፣ የያዘችውን ቃል ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ለማውጣት ብላ፣ «ሴ ትሮ ሼር፣ ማዳም» አለቻት፤ ዶሮዬ እጅግ ውድ ናት፣ አትግዢ እንደማለት። ማዳም ኦዴት ዶሮዋን እንዳቀፈች ቆማ ስማቸውን አየችውና አንድ ነገር አለችው። ስማቸውም የተናገረችውን ቃል በቃል ተረጎመ፤ «‹በዕድሜዬ ሁሉ የራሷ ዕቃ ተወደደ የምትል ነጋዴ አላየሁም፤ እንዲህ ያለች እውነተኛ ሴት የጠየቀችውን እከፍላለሁ› ትልሻለች።»

ውዴ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ታዳምጥ ነበር። ከፈረንሳይኛው የያዘችው «ማርሻንድ»፣ ነጋዴ፣ የሚለውን ብቻ ነው፤ ግን የሴትዮዋ ፊትና የስማቸው አማርኛ አንድ ነበሩ። ያ በቃት።

ደጉ ለሁለት ሳምንት አኮረፈ። በሦስተኛው ሳምንት ለፈረንጆቹ ስኳርና ጋዝ ሌላ የሚያቀርብላቸው እንደሌለ ሲያይ ኩርፊያውን ተወው፤ ሴቶቹም ስኳር አይሸጡምና ማንም ከማንም አልተጋጨም።

በገና ሰሞን ማዳም ኦዴት ውዴን፣ ፈረንሳይኛውን ከማን ተማርሽ ብላ በስማቸው በኩል አስጠየቀቻት። ውዴም ነገረቻት። ከጥምቀት በኋላ የድንኳኑ መኪና ዳንግላ ሄዶ ከዲጃን ይዟት መጣ። ከዲጃ የዒድ ልብሷን ለብሳ ወረደች። ድንኳኑ ፊት ሁለት ወንበር ቀርቦ ነበር። ማዳም ኦዴት አንዱን ስባ «ተቀመጪ» ስትላት ከዲጃ ቆማ ቀረች።

«ምነው?» አለቻት ውዴ በሹክሹክታ።

«ከእነሱ ጋር በዚህ ቋንቋ ተቀምጬ ተናግሬ አላውቅም» አለች ከዲጃ። «ሁልጊዜ ቆሜ ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ ይጀምሩት።»

ከዲጃ ተቀመጠች። መጀመሪያ ቃሉ እየተቆራረጠ ወጣ፤ ከዚያ እየሞቀ ሄደ፤ ሻይ ሲመጣ ስለ ድሬዳዋ፣ ስለ ባቡሩ ጡሩምባ፣ ስለ ሞተችው እናቷ ታወራ ነበር። ውዴ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ከዐሥር ቃል አንዱን እየያዘች አዳመጠች። የከዲጃ ድምፅ እንዲህ ሰፊ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላወቀችም ነበር።

ፈረንጆቹ ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይጠና ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ። ስማቸው ሊሰናበት ውዴ ቤት መጥቶ ጠላ ጠጣ፤ ለደርበውም የድንኳን ሸራ ቁራጭ ትቶለት ሄደ። እንቁላሉ በሚቀጥለው ጾም ወደ ዳንግላ ዞረ። ዑስማን ከሱቁ ጥግ ለውዴ ማርና እንቁላል አንድ መደርደሪያ ለቀቀላት፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ በጭነት መኪና ትመጣለች፣ ከዲጃ ደግሞ ከጣቃው ኋላ በርጩማ አስቀምጣ ትጠብቃታለች። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሁለቱ ወሬያቸውን በፈረንሳይኛ ይጀምሩታል፤ ቃል ያለቀባቸው ጊዜ በአማርኛ ይጨርሱታል።